«እማማ ካርዱን አንብቢልኝ ይሉኛል፤ ላንብብ ወይስ ይቅርብኝ?»

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ፣ የአምዱ አዘጋጅ።

የምኖረው ሜሪላንድ ነው፤ ሥራዬ ሆም ኬር ነው። አሁን የምንከባከባቸው አንዲት አሜሪካዊት አሮጊት ናቸው። የልብ ድካም አለባቸው። ሐኪሞቹ ከእንግዲህ ማዳን አይቻልም ስላሉ ሆስፒስ (ለማይድን ሕመምተኛ በመጨረሻው ጊዜ የሚሰጥ እንክብካቤ) ገብተው ቤታቸው ነው ያሉት። እኔ «እማማ» ነው የምላቸው። ትርጉሙን ከነገርኳቸው ወዲህ በስማቸው ስጠራቸው አይወዱም።

እማማ ቡድሂስት ናቸው። ከወላጆቻቸው የወረሱት አይደለም፤ ያደጉት በፕሮቴስታንት ቤት ነው። የተቀየሩት በወጣትነታቸው ነው። መኝታ ቤታቸው ውስጥ አንድ ትንሽ የቡድሃ ሐውልት አለ። ማታ መድኃኒታቸውን ከሰጠኋቸው በኋላ አጠገባቸው ዝም ብዬ እንድቀመጥ ይለምኑኛል። ዓይናቸው ስለደከመም አንዲት ካርድ እንዳነብላቸው ይፈልጋሉ። ካርዷ «ደኅና ልሁን፣ ከፍርሃት ነፃ ልሁን» ትላለች። ከዚያ ያንኑ ምኞት ለወዳጅ፣ ለማያውቁት ሰው፣ ለበደላቸው ሰው ሳይቀር ትደግማለች።

እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። ክፋት ስላላየሁበት አነበብኩላቸው። ለጓደኛዬ ስነግራት ግን ደነገጠች። «ጣዖት ፊት ቁጭ ብለሽ ጸሎት ታደርሻለሽ? ሥራው ጥንቅር ይበል!» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ካርዷን ሳነሳ ልቤ ይፈራል።

ሌላም ነገር አለ። እማማ ወንድ ልጃቸውን በጎረምሳነቱ ቀብረዋል። ስለ እሱ ሲያወሩኝ እኔ አለቀስኩ፤ እሳቸው አላለቀሱም። «ሁሉም ያልፋል። የሚያሰቃየን ሙጭጭ ብለን መያዛችን ነው» አሉኝ። እናት እንዴት እንዲህ ትላለች? ሃይማኖታቸው ፍቅር የለውም ማለት ነው? የሰጡኝን መጽሐፍ ጀምሬው ነበር፤ አልገባኝም። እባክዎ በሚገባኝ መንገድ ይንገሩኝ።

ስሜ ይቆይ፣ ከሜሪላንድ

መልስ

ውድ እህቴ፣

የእኔን ሐሳብ ከጠየቅሽኝ፣ ካርዱን አንብቢላቸው። ለምን እንዲህ እንደምል ግን እምነታቸውን ትንሽ ካወቅሽ በኋላ ራስሽ ብትፈርጂ ይሻላል።

ቡድሃ ሰው ነው። ስሙ ሲዳርታ ጋውታማ ይባላል። ከዛሬ 2500 ዓመት ገደማ በፊት ዛሬ ኔፓል በምትባለው አገር፣ ሉምቢኒ በሚባል ስፍራ ተወለደ። ትውፊቱ እንደሚለው አባቱ ክፉ ነገር እንዳያይ በድሎት ከልሎ አሳደገው። አንድ ቀን ግን ወጣ ብሎ ሽማግሌ አየ፣ በሽተኛ አየ፣ ሬሳ አየ። ከዚያ በኋላ ድሎቱ አልጣመውም። በ29 ዓመቱ ቤቱን፣ ሚስቱንና ልጁን ትቶ መነነ። መጀመሪያ አጥንቱ እስኪታይ ድረስ በረሃብ ራሱን ቀጣ። እሱም መልስ አልሆነውም። በ35 ዓመቱ ሰሜን ሕንድ ውስጥ፣ ቦድጋያ ላይ፣ ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጦ የፈለገውን እንዳገኘ ይነገራል። ከዚያ 45 ዓመት በእግሩ እየዞረ አስተምሮ በ80 ዓመቱ ዐረፈ።

ይህ ታሪክ ለአገራችን ፍጹም ባዕድ አይደለም። በግዕዝ «በረላም ወይዋስፍ» የሚባል መጽሐፍ አለን። የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ አባ እንባቆም እ.ኤ.አ. በ1553 ከዐረብኛ የተረጎሙት ነው። ሕመምና ሞትን እንዳያይ ቤተ መንግሥት ውስጥ የተዘጋበት የንጉሥ ልጅ፣ በኋላ በአንድ መነኩሴ ተምሮ ክርስቲያን ይሆናል። ሊቃውንት የታሪኩን ምንጭ ወደ ኋላ ሲከታተሉ የደረሱት ከቡድሃ ሕይወት ነው። ከሕንድ ተነሥቶ፣ በየአገሩ ቋንቋ እየተገለበጠ፣ የክርስቲያን ገድል ሆኖ እኛ ዘንድ ደርሷል። ለጓደኛሽ ይህን ብትነግሪያት ደስ ይለኛል።

ወደ ትምህርቱ ልግባ። ቡድሃ የተናገረበት መንገድ ለአንቺ ሥራ ቅርብ ነው፤ ሐኪም በሽተኛ ሲመረምር እንደሚያደርገው ነው። መጀመሪያ ሕመሙን ይናገራል። መወለድ፣ ማርጀት፣ መታመም፣ መሞት፣ ከሚወዱት መለየት፣ ከማይወዱት ጋር መኖር፣ የፈለጉትን ማጣት አለ። «ሕይወት መከራ ነው» ሲሉ ሰምተሽ ከሆነ ደስታ የለም ማለታቸው አይደለም። ደስታውም ስለማይቆይ ልብን አያሳርፍም ነው የሚሉት። ቀጥሎ መንሥኤው ይመጣል። የሚያልፈውን ነገር «አትለፍ» ብለን እንይዛለን፤ የሌለውን እንመኛለን፤ የመጣውን እንገፋለን። ሦስተኛው፣ ይህ ጥማት ሊበርድ ይችላል የሚል ተስፋ ነው። አራተኛው መድኃኒቱ ነው፤ ስምንት ክፍል ያለው መንገድ ይሉታል። አነጋገርን ማረም፣ ሰው በማይጎዳ ሥራ እንጀራ መብላት፣ አእምሮን ማሠልጠን፣ ነገሮችን እንደ ሆኑት ማየት ከዚያ ውስጥ ናቸው። ተራው ምእመን ደግሞ ላለመግደል፣ ላለመስረቅ፣ በዝሙት ላለመበደል፣ ላለመዋሸትና ላለመስከር ቃል ይገባል። አጠገባቸው ዝም ብለሽ የምትቀመጪበት ሰዓት የዚያ ሥልጠና አካል ነው። ትንፋሻቸውን እየተከተሉ ሐሳባቸው ሲሸሽ ይመልሱታል።

አሁን ልቤን ወደ ነካው ጥያቄሽ ልምጣ። እናት እንዴት እንዲህ ትላለች?

ቡድሂስቶች ደጋግመው የሚናገሩት አንድ ታሪክ አለ። ኪሳ ጎታሚ የምትባል ሴት አንድ ልጇ ሞተባት። ሬሳውን ታቅፋ መድኃኒት ፍለጋ ቤት ለቤት ዞረች። ቡድሃ ዘንድ ስትደርስ፣ «የሰናፍጭ ፍሬ አምጪልኝ፤ ግን ሰው ሞቶበት ከማያውቅ ቤት ይሁን» አላት። ሰናፍጩን ሁሉም ሊሰጣት ዝግጁ ነበር። ሞት ያልገባበት ቤት ግን አጣች። አንዱ አባቱን፣ ሌላዋ ልጇን ቀብራለች። ስትመለስ የልጇን ሬሳ ለመቅበር ቻለች። ልብ በይ፤ «አትዘኚ» ብሎ አልገሠጻትም። ሐዘኗን ተሸክማ ወደ ሌሎች ሐዘንተኞች ነው የላካት። እኛ ለቅሶ ቤት ስንሰበሰብ «የማይሞት የለም» የምንለው ለዚህ አይደለምን?

ካርዷ ላይ ያለው ምኞትም ከዚያው ትምህርት የወጣ ነው። ስለዚህ ደግ ምኞት የሚናገረው ጥንታዊ መዝሙራቸው፣ እናት አንድ ልጇን ነፍሷን ሰጥታ እንደምትጠብቅ ሰው ለፍጥረት ሁሉ እንዲህ ያለ ልብ ይኑረው ይላል። ስለዚህ ፍቅር አላቸው፤ እንዲያውም መለኪያቸው የእናት ፍቅር ነው። እንዲተዉት የሚለፉት ሙጥኝ ማለቱን ነው። «የኔ ነህ፣ አትለወጥብኝ፣ አትሂድብኝ» የሚለውን። እማማ ልጃቸውን ረስተውት ቢሆን ስለ እሱ አያወሩሽም ነበር። አንቺ ያየሻቸው ብዙ ዓመት ያለቀሱበትን ሐዘን ይዘው መቀመጥ ከቻሉ በኋላ ይመስለኛል።

አንድ ታሪክ ልጨምርልሽ፤ ለአንቺ ሥራ ስለሆነ አላልፈውም። ቡድሃን ለረጅም ዓመታት የተንከባከበው አናንዳ የሚባል ደቀ መዝሙር ነበር። መምህሩ ሊሞት ሲል አናንዳ የበሩን መቃን ተደግፎ አለቀሰ። ቡድሃ አስጠራው። «አታልቅስ፤ ከምንወደው ሁሉ እንደምንለይ ነግሬህ አልነበረምን?» አለው። ከዚያ በሌሎቹ ፊት፣ በፍቅር ስላገለገለው አመሰገነው።

ከእኛ እምነት ጋር አንድ ነው እንዳልልሽ ግን ውሸት ይሆንብኛል። ቡድሂዝም ዓለምን የፈጠረ አምላክ አለ ብሎ አያስተምርም። የማትለወጥ ነፍስ አለች አይልም። ሰው እንደ ሥራው ደግሞ ደጋግሞ ይወለዳል፣ የመጨረሻው ዕረፍትም ከዚያ ዙር መውጣት ነው ይላል። ይህን ከእኛ ትንሣኤ ጋር ማስታረቅ አይቻልም፤ ማስታረቅም የለብሽም። ሐውልቱን በተመለከተ፣ ትምህርቱ ቡድሃን ፈጣሪ አያደርገውም፤ ለመምህር የሚሰጥ ክብር ነው። እስያ ውስጥ ግን አበባና ዕጣን አቅርበው በረከት የሚለምኑ ምእመናንም ብዙ ናቸው።

እማማ ወደዚህ መንገድ የመጡት ምናልባት ከትውልዳቸው ጋር ነው። ሕንድ፣ በርማና ታይላንድ ሄደው የተማሩ ወጣት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1975 ማሳቹሴትስ፣ ባሬ ከተማ ውስጥ የሜዲቴሽን (ዝም ብሎ ተቀምጦ አእምሮን የማሠልጠን) ማዕከል መሥርተዋል። ከአራት ዓመት በኋላ ጆን ካባት-ዚን የተባሉ ምሁር እዚያው ግዛት ውስጥ የአእምሮ ሥልጠናውን ለሕመምተኞች ማስተማር ጀመሩ። ዛሬ ሆስፒታሉም ቢሮውም የሚያወራው እሱን ነው። ብዙ ሰው ረድቷል። እኔን የሚያሳዝነኝ፣ ምግባሩና ስለ ሞት የሚያስተምረው ወደ ጎን ቀርቶ ትንፋሽ መቁጠር ብቻ ሲተርፍ ነው። ደግሞም ነጮቹ ብቻቸውን አላመጡትም። የጃፓን ስደተኞች ከእነሱ በፊት ቤተ መቅደስ ሠርተዋል፤ አንቺ አጠገብ ዋሽንግተን ውስጥም የስሪላንካ መነኮሳት ያሉበት ገዳም እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ አለ።

እንግዲህ ምን ታደርጊ? ካርዷ የማንንም አምላክ ስም አትጠራም። ለሰው ደኅንነትን ትመኛለች፣ ለበደለም ጭምር። እኔ በዚህ ውስጥ ክህደት አላይም። ኅሊናሽ ካልተረጋጋ ለጓደኛሽ ሳይሆን ለንስሐ አባትሽ ንገሪ፤ የካርዷን ቃል በአማርኛ ገልብጠሽ አሳዪያቸው። ለሐውልቱ መስገድ ወይም ዕጣን ማጠን ግን ግዴታሽ አይደለም። ቢጠይቁሽ «እማማ፣ ይህን እምነቴ አይፈቅድልኝም» በያቸው። ይከፋቸዋል ብዬ አላስብም። ዝም ብላችሁ በምትቀመጡበት ሰዓት አንቺ በልብሽ አባታችን ሆይ ብትደግሚ ማን ይከለክልሻል?

ከሁሉ በላይ ግን ስለ መጨረሻው ሰዓት አሁኑኑ ጠይቂያቸው። አንዳንድ ቡድሂስቶች አእምሯቸው ነቅቶ መሞት ስለሚፈልጉ የሚያደነዝዝ መድኃኒት እንዲቀንስላቸው ይጠይቃሉ። ይህ የአንቺ ውሳኔ አይደለም፤ የእሳቸው፣ የሐኪሙና የነርሷ ነው። አንዳንዶች ደግሞ ከሞቱ በኋላ አስከሬናቸው ለተወሰኑ ሰዓታት እንዳይነካ፣ ክፍሉም ጸጥ እንዲል ይሻሉ። እንደየወገናቸው ይለያያል፤ በግምት አትሂጂ። ማን እንዲጠራላቸው፣ ምን እንዲነበብላቸው፣ ሐውልቱ የት እንዲቀመጥ እንደሚፈልጉ ይንገሩሽ። የነገሩሽን ለሆስፒስ ነርሷ አድርሺና መዝገባቸው ላይ እንድታሰፍረው አድርጊ። ሌሊት ተረኛ ሆና የምትመጣውም ሠራተኛ ታንብበው።