ስቶክሆልም ከገባሁ እንቅልፌ ተዛባ፤ ናፍቆት ነው ወይስ በሽታ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን አሉ? ተወልጄ ያደግኩት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው። ዕድሜዬ 31 ነው። ባለቤቴ ወስዳኝ ስቶክሆልም ከገባሁ 9 ወሬ ነው። ስመጣ ሚያዝያ ነበር፤ ያኔ ሁሉም ነገር ደስ ይለኝ ነበር። ከኅዳር ወዲህ ግን ሌላ ሰው ሆኛለሁ። የምሠራው መጋዘን ውስጥ ነው። ስወጣ ጨለማ፣ ስመለስ ጨለማ። ቤት እንደገባሁ ጋደም እላለሁ፤ ሌሊት ዓይኔ ፍጥጥ ይላል። ጭኔን ያመኛል፣ ደረጃ ስወጣ ጉልበት ያንሰኛል። ጎረቤት ሰላም ስለው አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። እናቴ «ናፍቆት ነው፣ ይለቅሃል» ትለኛለች። ድሬ እያለሁ ከሰዓት በኋላ በርጫ ነበረኝ፤ እዚህ ቅጠል አልነካሁም። የአክስቴ ልጅ በሚቀጥለው ወር ትመጣለች። የእንቅልፍ ኪኒንና ትንሽ የደረቀ ጫት ትያዝልኝ? እዚህ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ነበረኝ፤ 8፡00 የሚለውን ስምንት ሰዓት ነው ብዬ ከምሳ በኋላ ብሄድ አልፎኛል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ኪኒኑም ጫቱም ይቅር። ጫት በስዊድን እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ የተከለከለ ዕፅ ነው። ሻንጣዋ ውስጥ ከተገኘ መዘዙ የሚተርፈው ለእሷ ነው። የእንቅልፍ ኪኒንን ደግሞ ሰውነት በጥቂት ሳምንታት ይለምደዋል፤ ከዚያ ያለ እሱ አልተኛም ይላል። እርስዎ ደግሞ እንቅልፍ አላጡም። እንቅልፍዎ ነው ሰዓቱን የሳተው።

እናትዎ ግማሹን አውቀውታል። ናፍቆት አለ። ደረጃ ላይ ጉልበት ሲከዳ ግን ናፍቆት ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም።

እኛ ድሬ ላይ ፀሐይን የምናውቃት በመሸሽ ነው። ይህን ስጽፍ እንኳ መጋረጃዬ ዝግ ነው፤ መንገድ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ጥላ ጥላውን ይዞ ነው የሚሄደው። ቀናችን ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ግድም ነው። ስቶክሆልም ግን ታኅሣሥ 12 አካባቢ ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል በኋላ ብቅ ብላ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። በቃ፣ 6 ሰዓት። እሷንም እርስዎ መጋዘን ውስጥ ነው የሚያሳልፏት።

ቆዳችን ቫይታሚን ዲ የሚሠራው በፀሐይ ነው። በስዊድን የብርድ ወራት ፀሐይዋ ብትታይም ለዚህ አቅም የላትም። ጠቆር ያለ ቆዳ ደግሞ ከነጩ ይልቅ ብዙ ፀሐይ ይፈልጋል። ቫይታሚኑ ሲጎድል አጥንት ያማል፣ የጭንና የዳሌ ጡንቻ ይዝላል፤ ከወንበር ለመነሳት እንኳ እጅ መደገፍ ይመጣል። የእርስዎ ይህ ይመስለኛል፤ ግን እኔ ከዚህ ሆኜ ማረጋገጥ አልችልም። እዚያ ደም ይስጡ። ቫይታሚን ዲ፣ ደም ማነስና የታይሮይድ እጢ ይታዩልዎ። በግምት ገዝተው አብዝተው አይዋጡ፤ ሲበዛ ካልሲየም በደም ውስጥ ይጨምርና ኩላሊት ይጎዳል።

ወደ እንቅልፉ እንመለስ። የድሬን የቀትር እንቅልፍ ሻንጣ ውስጥ ይዘው ሄደዋል። እዚህ ሙቀቱ ያስተኛናል፣ ማታ ደግሞ ከተማው ስለሚነቃ አይጎዳንም። እዚያ ከሥራ መልስ ለ3 ሰዓት ያህል ከተኙ ለሌሊቱ ምን ይቀራል? ከ20 ደቂቃ አያሳልፉ። ምሳ ሰዓት ላይ፣ ደመናም ቢሆን፣ ጃኬትዎን ደርበው ውጭ ይራመዱ። ይህ ለቫይታሚኑ ሳይሆን ለአንጎልዎ ሰዓት ነው። ቡናም ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ይቅርብዎ። ይህን ለድሬ ልጅ መንገር ከባድ መሆኑን አውቃለሁ!

ስለ ጫቱ፦ ያቆሙ ሰሞን ዱካኩ (ጫት ሲተው የሚመጣው ቅዠት) አሠቃይቶዎት ይሆናል። እሱ ግን በቀናት፣ ቢቆይ በሁለት ሳምንት ግድም ይለቃል። ከ9 ወር በኋላ ሐራራ ነው አልልም። የጎደለዎት በርጫው ነው። ማለቴ፣ ጎን ለጎን ጋደም ብሎ እስኪመሽ ማውራቱ። (ጫትን ላሞግስ አይደለም፤ ጨጓራውን የላጠበትን ሰው በየጊዜው አያለሁ።) ድሬ ላይ የማያውቁት ሰው «አቦ፣ ና ቁጭ በል» ይልዎታል። ስቶክሆልም ላይ ሊፍት ውስጥ ዝም ማለት ጨዋነት ነው፤ ጎረቤትዎ ላለመረበሽ ብሎ ነው እንጂ ጠልቶዎት አይመስለኝም። ሥራ ቦታ ግን ፊካ የሚሉት የቡና እረፍት አላቸው። ሰው የሚያወራው ያኔ ነው። ስልክዎን ኪስ ከተው አብረው ይቀመጡ፤ ቋንቋው ባይሞላም። ለቋንቋውም ለመጤዎች በነፃ የሚሰጥ ኤስኤፍአይ የሚባል ትምህርት አለ።

አንድ ነገር ግን በቀልድ አላልፍም። ምንም ነገር ደስ የማይልዎት፣ ምግብ የሚያስጠላዎትና ተስፋ የሚቆርጡ ከሆነ፣ ይህም ሁለት ሳምንት ከዘለቀ፣ ድብርት ሊሆን ይችላልና ለሐኪሙ ሳያፍሩ ይንገሩት። ይታከማል። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ሌሊትም ቢሆን ወደ አደጋ ጥሪው 112 ይደውሉ፤ ለባለቤትዎም ይንገሯት።

ለቀጠሮው ወደዚያው ጤና ጣቢያ ይደውሉ፤ የት እንደሚሄዱ ካላወቁ 1177 የሚባለው የጤና ምክር ስልክ ይመራዎታል። የአማርኛ አስተርጓሚ እንደሚፈልጉ ቀድመው ይናገሩ፤ ክፍያው የእርስዎ አይደለም። 8፡00 ካሉዎት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው፣ 14፡00 ካሉዎት ከቀኑ 8 ሰዓት። ለዚህ ለዚህ እንኳ የስልክዎን ማንቂያ ባለቤትዎ ትሙላልዎ።