አራተኛዋ ሲኒ

ባለፈው ወር ዩኒቨርሲቲ ቴአትር የሚማር አንድ የሰፈራችን ልጅ ማኪያቶ ጋበዘኝ። ወሬ መሃል አንድ ጥያቄ ጣል አደረገ። «ጋሼ፣ መድረክ ላይ ከድርሰቱ ወጣ ብሎ የራስን ነገር መጨመር ችግር አለው እንዴ?» አለኝ። እኔም ሳላስብ «ሕዝቡ ከሳቀልህ ምን ችግር አለው!» አልኩት። ተሳሳቅን። ሂሳቡን ከፍሎ ሄደ። እሱ መክፈሉም ራሱ ገርሞኛል። በኛ ጊዜ ታላቅ ባለበት ታናሽ ኪሱ አይገባም ነበር።

ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ያ መልስ ከማንም አፍ ቢወጣ ግድ የለም፤ ከኔ አፍ ግን መውጣት አልነበረበትም። ለልጁ ደውዬ ማስተካከል እችል ነበር። ግን ይህን የሚጠይቅ እሱ ብቻ አይደለምና ለሁላችሁም፣ ለወጣት ተዋንያን፣ ልጻፈው አልኩ። ቃላችሁን አጥኑ፣ ሰዓት አክብሩ እያልኩ አላደክማችሁም። እሱን ማንም ይነግራችኋል።

ነገሩ የሆነው በ1979 ዓ.ም. ነው። 27 ዓመቴ ነበር። ከቀበሌ ኪነት ተነስቼ ቴአትር ቤት ከተቀጠርኩ ገና 3 ዓመቴ። ቀበሌ ኪነት ስል ምን እንደሆነ የምታውቁት አይመስለኝም። በደርግ ጊዜ በየቀበሌው የሚዘፍን፣ የሚወዛወዝ፣ ድራማ የሚሠራ የወጣት ቡድን ነበር። መፈክር ይበዛበታል። ግን ስንቱ ባለሙያ ከዚያ ወጣ መሰላችሁ! አባቴ ግን ኪነትም በለው ቴአትር ቤት፣ ለሱ አንድ ነው። የተቀጠርኩ ቀን «እንግዲህ አዝማሪ ሆንክ» አለና ጋቢውን ተከናንቦ ተኛ። ደመወዜ 200 ብር እንደማይሞላ ያን ቀን አልነገርኩትም።

ቴአትሩ የአንዲት እናት ታሪክ ነው። ልጇ ከቤት ወጥቶ ቀርቷል። የት እንደቀረ ድርሰቱ አይናገርም። ደራሲው ቢናገር ኖሮ ሳንሱር አያሳልፈውም። መናገርም አላስፈለገውም። በዚያ ዘመን ልጅ ያልቀረበት ቤት ጥቂት ነበርና ተመልካቹ ራሱ ይሞላዋል። እኔ ሰካራሙ ጎረቤት ነኝ። ቡና ተጠርቼ እመጣለሁ፣ ሁለት ሦስት ቃል ተናግሬ እወጣለሁ። ትንሽ ቦታ ናት። እኔ ደግሞ ትንሽ ቦታ አይበቃኝም ነበር።

እናቲቱን የምትጫወተው ተዋናይት ከኔ 18 ዓመት ትበልጣለች። ስሟን አልጠራም፤ የኔ ጥፋት በሷ ስም እንዲነሳ አልፈልግም። በነገራችን ላይ ሴት መድረክ ላይ ማየት ዛሬ ምንም አይደለም። በፊት ግን የሴቷን ቦታ የሚጫወተው ወንድ ነበር። እነ ሰላማዊት ገብረሥላሴ፣ እነ አስናቀች ወርቁ ስድቡን ችለው መንገዱን ባይጠርጉ ኖሮ ያቺን እናት እኔ ሻሽ አስሬ ነበር የምጫወታት። አስቡት እስቲ።

ወደ ቡናው ልመለስ። የመድረክ ዕቃ የሚያቀርበው ልጅ ጀበናው ውስጥ ውሃ አድርጎ ሰጣት። እምቢ አለች። «እጄ ውሃ መሆኑን ያውቃል፤ ፊቴም ያውቃል» አለችው። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ከቤቷ ቡና በመሀረብ ቋጥራ ትመጣለች። ከመጋረጃው ጀርባ ታፈላዋለች። መጋረጃ ሲገለጥ ሽታው ሦስተኛው ረድፍ ድረስ ይደርሳል። ሰው ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ሲቀመጥ ከጎን ቆሜ አያለሁ።

ትቀዳለች። አንድ ለኔ። አንድ ለሴት ልጇ። አንድ ለራሷ። ከዚያ እጇ ሳያስበው አራተኛዋን ይቀዳል። ትቆማለች። ሲኒዋን ታያታለች። ምንም አትናገርም። ቀስ ብላ የጀበናውን ውታፍ ትነቅላለች፤ ቡናውን በዚያች ጠባብ አፍ መልሳ ትጨምረዋለች። ሞክሩት እስቲ ቤታችሁ። እጅ ትንሽ ከተንቀጠቀጠ ይፈሳል። እሷ ጠብ አታደርግም። ስትጨርስ ውታፉን መልሳ «ሲመጣ አሞቅለታለሁ» ትላለች። በቃ፣ ይቺው ናት። የሰው ትንፋሽ አይሰማም። ከጨለማው ውስጥ አንዲት ሴት አፍንጫዋን ስትጠርግ ነው የምትሰሙት።

አምስተኛው ሳምንት ላይ ይመስለኛል፣ እሁድ ነው። አዳራሹ ጢም ብሏል። እሷ ቡናውን ወደ ጀበናው ልትመልስ ስታጎነብስ አንድ ነገር አፌ ላይ መጣ። አላሰብኩበትም። አልዋሽም፣ ትንሽ አስቤበታለሁ። «ኧረ እትዬ! ስንት ኬላ አልፎ የመጣ ቡና ወደ ጀበና ይመለሳል?»

ይህ ለምን እንደሚያስቅ ላስረዳችሁ። ያኔ ቡና ከገጠር ይዞ ወደ ከተማ መግባት ኬላ ላይ ያስፈትሻል፣ ያስወርሳል። አገሩ ቡና ያመርታል፣ ሕዝቡ ቡና በድብቅ ያስገባል። ትራስ ውስጥ ጠቅጥቆ የሚያሳልፍ ነበር። ያን በመድረክ፣ በአደባባይ የተናገረ አልነበረም። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ያጨበጨበ አለ፣ ያፏጨ አለ። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት ሹሞች እንኳ ከንፈራቸውን ነክሰው ሳቁ።

እኔ ሕዝቡን ነበር የማየው። ዞር ስል ቡናው በጀበናው አንገት ቁልቁል እየወረደ ረከቦቱ ላይ ይንጠባጠባል። እሷ አልጠረገችውም። ውታፉን መለሰች። «ሲመጣ አሞቅለታለሁ» አለች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁት። ድምፁን ግን አጠገቧ ያለሁት እኔም አልሰማሁትም።

ከመድረክ ስወርድ ትከሻዬን ያልመታ የለም። አዘጋጁ በመጀመሪያ ደነገጠ፤ ነገ ማን ይጠራን ይሆን ብሎ። የጠራን የለም። ከዚያ ትኬቱ መሸጥ ጀመረ። በኛ አገር አንድ ቴአትር በሳምንት አንድ ቀን ነው የሚታየው። ደህና ከሆነ ወራት፣ ዓመትም ይቆያል። ስለዚህ ያየ ሰው ለሚቀጥለው ሳምንት ጓደኛውን ይዞ ይመጣል። ታዲያ ምን ሊያሳየው? የኬላውን ነገር። እሷ ቡናውን መቅዳት ስትጀምር ገና «አሁን ነው፣ አሁን ነው» ሲባባሉ ይሰማል። አራተኛዋ ሲኒ መቀለጃ ሆነች። ታክሲ ውስጥ ሳይቀር «የኬላው ሰውዬ!» ይሉኛል። ደስታዬን አልደብቃችሁም። ለአባቴም ነገርኩት። እሱም ሳቀ። አባቴ በሥራዬ ሲስቅ ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት። ይህም ነገሩን አከበደብኝ።

ቀልዱን በጀመርኩ በሦስተኛው ሳምንት ሜካፕ ክፍል ብቻችንን ሆንን። ፀጉሯን በዱቄት እያሸበተች ነበር። በመስታወቱ ውስጥ አየችኝና «የኔ ልጅ፣ ያቺን ሲኒ ተዋት» አለችኝ። አልተቆጣችም። እኔ ምን ልበላት? «ሕዝቡ እኮ ወዶታል» አልኳት። ዱቄቱን መነስነስ ቀጠለች።

በሚቀጥለው እሁድ ለኔ ቀዳች። ለልጇ ቀዳች። ለራሷ ቀዳች። ጀበናውን አስቀመጠች።

በቃ። አራተኛዋን አልቀዳችም። ሲኒዋ ረከቦቱ ላይ ተደፍታ ቀረች። እኔ ቃሌ አፌ ውስጥ እንዳለ ቆምኩ። ከኋላ አንዱ «ቡናውስ?» ብሎ ጮኸ። እሷ ዞራ አላየችም። የራሷን ፉት ብላ ወደ ቀጣዩ ንግግር አለፈች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቴአትሩ እስኪወርድ ድረስ አራተኛ ሲኒ አልተቀዳም። አዘጋጁ ለመናት፣ እኔም አንድ ቀን በሰው አስለመንኳት። «ረሳሁት» ነበር መልሷ። ቡናውንም ከቤት ማምጣት ተወች። ጀበናው ውስጥ ውሃ ሆነ።

እኔ ይቅርታ አልጠየቅኳትም። እንዲያውም ለረጅም ጊዜ የቀናችብኝ ይመስለኝ ነበር።

እንግዲህ ጋሼ ከድርሰቱ አትውጡ እያለን ነው ትሉ ይሆናል። እሱንም ደፍሬ አልልም። አንድ ጊዜ ድሬዳዋ ለትርዒት ሄደን መሃል ላይ መብራት ድርግም አለ። አብራኝ የነበረችው ልጅ አዲስ ናት፣ ትንፋሿ ሲቆራረጥ ይሰማኛል። እጇን ይዤ እንደ ገፀ ባህሪዬ ሆኜ ማውራት ጀመርኩ። ስለ ጨለማው፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ አከራያችን። ሻማ እስኪመጣ 10 ደቂቃ ያህል ሄድኩበት። ከተመልካቹ አንድም ሰው አልወጣም። በዚያ እስከ ዛሬ እኮራለሁ። አንዱ ልክ፣ አንዱ ጥፋት የሆነበትን ምክንያት በደንብ ማስረዳት ግን ይቸግረኛል። ድሬዳዋ ላይ ያቺን ልጅ እየሰማኋት ነበር መሰለኝ።

ፊልም የገባሁት በስተርጅና ነው ማለት ይቻላል። በዲጂታል ካሜራ ፊልም መሠራት ሲበዛ፣ እንደ አባት ሆኖ የሚቀመጥ ሽማግሌ ሲፈለግ። የመጀመሪያው ቀን ገና አፌን ስከፍት ዳይሬክተሩ «ጋሼ፣ ትንሽ ቀነስ» አለኝ። የልጄ እኩያ ነው። ቀነስኩ። «አሁንም ቀነስ።» ያለ ማይክ ኋላ ረድፍ ድረስ ስጮህ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ የት ልድረስ? በዚህ እናንተ ትበልጡናላችሁ፤ ድምፃችሁ የሰው ድምፅ ነው። እኛ ፍቅር ስንናገር እንኳ አዋጅ ይመስል ነበር።

ታዲያ ካሜራው ከማወራው ይልቅ የምሰማበትን ፊቴን ሲፈልግ ገረመኝ። አንድ ቀን አብሮኝ የሚጫወተው ልጅ የራሱ ሾት አልቆ ሌላ ሥራ አለኝ ብሎ ሄደ። የሱን ንግግር ረዳቷ ከወረቀት እያነበበችልኝ፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ፕላስተር እያየሁ አለቀስኩ። ቤቴ ስገባ ተናድጄ ነበር። ጓደኛውን ጥሎ ይሄዳል? ይህ ትውልድ ስንት ተከታይ እንዳለው እንጂ ከማን ጋር እንደሚሠራ ግድ የለውም እያልኩ ለባለቤቴ ስለፈልፍ ዋልኩ። እሷ ደግሞ «አንተስ?» አለችኝ። የሲኒዋን ነገር የነገርኩት ለሷ ብቻ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ አድርጉልኝ። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ የተረከበትን ፈልጋችሁ ስሙ። ድምፁን ሁሉም ያደንቃል። እናንተ ግን ዝም የሚልበትን ቦታ ልብ በሉ። ያንን ዝምታ አጠገቡ የቆመ ሰው በቀልድ ቢሞላበት ምን ይሆን እንደነበር አስቡ።

ተዋናይቷ አሁን ዋሽንግተን አካባቢ ከልጇ ጋር ነው የምትኖረው። 84 ዓመቷ ነው። ከዚያ የቴአትር ተማሪ ጋር ማኪያቶ ከጠጣሁ በኋላ ቁጥሯን ከድሮ ጓደኞቻችን አፈላልጌ ደወልኩ። ማንነቴን ለማስረዳት ጊዜ ወሰደብኝ። ስሜን አላስታወሰችም፤ «ሰካራሙ ጎረቤትሽ» ስላት ግን «ውይ! አለህ እንዴ?» አለች። ስለ ጉልበቷ፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ ሞቱት አወራን። የሞቱት ብዙ ናቸው። መጨረሻ ላይ ምራቄን ዋጥ አድርጌ «ስለዚያች ሲኒ ይቅርታ ልልሽ ነው የደወልኩት» አልኳት።

ትንሽ ዝም አለች። ከጀርባ ቴሌቪዥን ይሰማል።

«የቱ ሲኒ?» አለችኝ።

ረስታው ይሁን እየተወነች ይሁን አላወቅኩም። ድምፅዋ ላይ ምንም የለም። ድሮም ከሷ ጋር ስሠራ እንደዚሁ ነበር፣ መለየት አይቻልም።