ስሙ አንድ፣ መኪናው ሌላ፦ ከውጭ ገበያ ስለሚጠበቅ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ጥያቄና መልስ

አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና በአንድ አገር ገበያ ላይ ውሎ በሌላው ገና ሲጠበቅ፣ ወይም ሰው "ከዚያው ላስመጣው" ሲል የሚነሱ ጥያቄዎች ናቸው።

ጥያቄ፦ መኪናው በተሠራበት አገር መሸጥ ከጀመረ ስምንት ወሩ ነው። ለእኛ "በቅርቡ" ይሉናል። "በቅርቡ" ስንት ወር ነው?

መልስ፦ የሚያዘገየው መንገዱ አይደለም፤ የመርከቡ ጉዞ በሳምንታት ያልቃል። ጊዜ የሚበላው መኪናውን ለአገሩ ሕግ አስማምቶ ማስፈተኑ ነው። መሪው ወደ ሌላው ጎን ይዞራል፣ የፊት መብራቱ አጣጣል ይቀየራል፣ እግረኛን የሚያስጠነቅቀው ድምፅ ይስተካከላል። ቴስላ ሞዴል 3 አሜሪካ ውስጥ ለገዢዎች መድረስ የጀመረው እ.ኤ.አ. በጁላይ 2017 ነው፤ አውሮፓ የገባው በፌብሩዋሪ 2019፣ የቀኝ መሪው ብሪታንያ የደረሰው ደግሞ በዚያው ዓመት አጋማሽ ላይ ነው። የፎልክስዋገን አይዲ ባዝ አውሮፓ በ2022 ተሽጦ አሜሪካ የደረሰው በ2024 መጨረሻ ነው። ስለዚህ መኪናው ለእይታ ከቀረበበት ቀን ተነስታችሁ አትቁጠሩ። ለአገራችሁ የሚሆነው ዓይነት ፈቃድ ሲያገኝ፣ የመጨረሻው ዋጋ ሲነገርና ሻጩ የሻንሲ ቁጥር ሲሰጣችሁ ያኔ ቀኑ ቀርቧል። ቁጥር ያልወጣለትን መኪና ገና እንዳልተሠራ ቁጠሩት።

ጥያቄ፦ ቻይና ውስጥ "700 ኪሎሜትር ይሄዳል" የተባለው መኪና አውሮፓ ላይ 570 ሆነ። ባትሪውን ቀነሱት እንዴ?

መልስ፦ አልቀነሱትም። ይህ ቢዋይዲ የተባለው የቻይና ኩባንያ የሚሠራው "ሲል" (Seal) የተባለ መኪና ቁጥር ይመስላል፤ ባትሪው የሚይዘው ኃይል ሁለቱም ጋ 82.5 ኪሎዋት ሰዓት ነው። የተለየው መለኪያው ነው። የቻይናው ሲኤልቲሲ ፈተና አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 29 ኪሎሜትር ገደማ ነው፤ አውሮፓ የሚጠቀምበት ደብልዩኤልቲፒ የሚባለው ደግሞ 46 ገደማ ነው፣ ከፍተኛው ፍጥነትም ከ130 ያልፋል። "አቶ 3" (Atto 3) የተባለው የዚያው ኩባንያ መኪናም እንዲሁ ነው፤ በ60.48 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ በቻይናው መለኪያ 510፣ በአውሮፓው 420 ይባላል።

የሁለቱንም ቁጥር ተዉትና ራሳችሁ አስሉት። በፈጣን መንገድ በ120 ስትነዱ በ100 ኪሎሜትር 20 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ቢበላ፣ 82.5 ለ20 ሲካፈል 4.1 ይመጣል፤ ይህ ከሙሉ እስከ ባዶ 410 ኪሎሜትር ገደማ ነው። ረጅም ጉዞ ላይ ግን የምትጠቀሙት ከ10 እስከ 80 በመቶ ያለውን ስለሆነ በሁለት ቻርጅ መካከል 290 ያህል ቁጠሩ። የሚያስፈልጋችሁ ቁጥር ይሄኛው ነው።

ጥያቄ፦ የቻይናውን ዓይነት አሁኑኑ ላስመጣና በአዳፕተር ልጠቀም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እዚህ ላይ ሁለት ነገር ለይ። ለዝግታው የቤት ቻርጅ (ኤሲ) አዳፕተሩ ቀላል ነው፤ ሽቦ ከሽቦ ያገናኛል፣ በቃ። ፈጣኑ (ዲሲ) ላይ ነው ጣጣው። የቻይናው የቻርጅ ደረጃ ጂቢቲ መኪናውንና ቻርጀሩን የሚያነጋግረው ካን በተባለ መስመር ነው፤ የአውሮፓው ሲሲኤስ 2 ደግሞ መልእክቱን በሌላ ዘዴ በሽቦው ላይ ጭኖ ይልካል። ስለዚህ አዳፕተሩ አስተርጓሚ መሆን አለበት፤ ውስጡ የራሱ ኤሌክትሮኒክ ሰሌዳና ሶፍትዌር አለው። ጣቢያው ሶፍትዌሩን ባደሰ ማግስት አስተርጓሚው ቋንቋው ሊጠፋበት ይችላል፤ ትናንት የሠራው ዛሬ "ግንኙነት አልተሳካም" ይላል። የአሜሪካዎቹ ሁለት የቻርጅ ደረጃዎች፣ ናክስና ሲሲኤስ 1፣ ግን ቋንቋቸው አንድ በመሆኑ በመካከላቸው ያለው አዳፕተር ይህ ችግር የለበትም።

ከገዛህ የሚሸከመውን አምፔርና ቮልት ከመኪናህ ጋር አስተያይ፣ የሙቀት መከላከያ እንዳለው ጠይቅ። ስትነቅልም ቅደም ተከተሉን ጠብቅ፦ መጀመሪያ ከስክሪኑ አቁም፣ መቆለፊያው "ጠቅ" እስኪል ጠብቅ፣ ከዚያ ሳብ። ኃይል እየፈሰሰ ዲሲ ከተነቀለ የሚፈጠረው እሳት ፒኑን ያቀልጣል፣ እጅም ያቃጥላል። ፋብሪካው ባልፈቀደው አዳፕተር የመጣ ጉዳት በዋስትና ይሸፈናል ብለህ አትጠብቅ።

ጥያቄ፦ ቋንቋውና አፑስ? በማሻሻያ ይስተካከላል ይላሉ።

መልስ፦ በዚህ ተስፋ አትግዙ። ለአንድ ገበያ የተሠራ መኪና ካርታው፣ ሲም ካርዱ፣ የድምፅ ትእዛዙና አፑ ለዚያ አገር የታሰሩ ናቸው፤ ማሻሻያም የሚመጣለት በዚያ አገር በኩል ነው። ባልታወቀ ሰው የተጫነ የቋንቋ ፋይል ደግሞ ቀጣዩ ማሻሻያ ሲመጣ ሊጠፋ ወይም ስክሪኑን ሊያጨልም ይችላል። ከመክፈላችሁ በፊት መኪናው ላይ ቁጭ ብላችሁ የማስጠንቀቂያ መልእክቶቹን ማንበብ መቻላችሁን እዩ። የፍሬን ማስጠንቀቂያን የማያነብ ሾፌር አደጋ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ቀብድ ልክፈል?

መልስ፦ የሚመለስ መሆኑ በጽሑፍ ካለ፣ አዎ። ወረቀቱ ላይ ዋጋው በየትኛው ቀን እንደሚጸና፣ በየትኛው ገንዘብ እንደሚከፈልና የሞዴሉ ዓመት ቢቀየር ማን ልዩነቱን እንደሚሸከም ይጻፍ።

ጥያቄ፦ እየጠበቅሁ ቤቴን ላዘጋጅ። ምን ያህል ሽቦ ያስፈልገኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ የጥበቃውን ጊዜ በደንብ የምትጠቀሚበት እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ መኪናው በስንት ፌዝ እንደሚቀበል ጠይቂ። አንድ ፌዝ ብቻ የሚቀበል መኪና ሦስት ፌዝ ብታስገቢለትም ከ7 ኪሎዋት ገደማ አያልፍም። 32 አምፔር በ230 ቮልት 7.4 ኪሎዋት ይሰጣል፤ 82.5ቱን ባትሪ ከ20 ወደ 80 በመቶ ለማድረስ ብክነቱን ጨምሮ ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል። ማታ ሰክተሽ ጠዋት ትነሺያለሽ።

ለ32 አምፔር ቢያንስ 6 ሚሊሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ፣ ርቀቱ ከረዘመ 10፣ ከቤቱ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ሰሌዳ በቀጥታ የተዘረጋ፣ ሌላ ነገር ያልተቀጠለበት ይሁን። ብዙ ኤሌክትሪሻን የሚስተው የሊኬጅ መከላከያውን (ኤሌክትሪክ ሲያፈስ መስመሩን የሚቆርጠውን) ዓይነት ነው። ከመኪናው የሚመለስ ትንሽ ዲሲ ተራውን ኤሲ ዓይነት መከላከያ ሊያሳውረው ይችላል፤ ያኔ ሰው ኤሌክትሪክ ቢይዘው ላይቆርጥ ይችላል። ቢ ዓይነት፣ ወይም ኤ ዓይነት ሆኖ ቻርጀሩ ውስጥ የ6 ሚሊአምፔር ዲሲ መቆጣጠሪያ ያለው ይሁን። ኧርዙንም ለኪ። ተራ ሶኬት ላይ ሌሊቱን ሙሉ መሰካት ሶኬቱን ሊያቀልጥ ይችላል፤ ፕላስቲኩ ወደ ቡናማ ከተቀየረ ጀምሯል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ኤልኤፍፒ (ሊቲየም አይረን ፎስፌት) ባትሪ ይሻላል ወይስ ኤንኤምሲ (ኒኬል፣ ማንጋኒዝና ኮባልት ያለበት)?

መልስ፦ በየቀኑ ለሚነዳ ሰው ኤልኤፍፒ እመርጣለሁ፤ ሙሉ ቻርጅን ይችላል፣ ዕድሜውም ረጅም ነው። በብርድ ጊዜ ግን ቻርጁ ይዘገያል፣ ለተመሳሳይ ክብደትም የሚይዘው ኃይል ያንሳል። ኤንኤምሲን ለዕለት ተዕለት 80 በመቶ ላይ አቁሙት።

ጥያቄ፦ መኪናው ደረሰ ተባልኩ። ከመፈረሜ በፊት ምን ልይ?

መልስ፦ ወደብና ግቢ ውስጥ ስንት ወር እንደቆመ ማወቅ አለብህ። ጎንበስ ብለህ የጎማውን ጎን አንብብ፤ በአራት አኃዝ የተጻፈው የተሠራበት ሳምንትና ዓመት ነው፤ 3124 ካለ የ2024 31ኛ ሳምንት ነው። ለጉዞ ሲባል ጎማው ከመጠን በላይ ተነፍቶ ሊመጣ ስለሚችል በሾፌሩ በር ላይ ወዳለው ቁጥር አስተንፍሰው።

ቀጥሎ ትንሹን 12 ቮልት ባትሪ አስለካ። የእርሳስ ዓይነት ከሆነ ሙሉው 12.6 ያሳያል፤ ከ12 በታች ከወረደ ሞቶ ከርሟል፣ እንዲቀየርልህ ጠይቅ። እሱ ከሞተ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ቢሆንም መኪናው አይነሳም። የማጓጓዣ ሞዱ (በጉዞ ጊዜ ባትሪ እንዳያልቅ መኪናውን የሚገድበው ቅንብር) መጥፋቱን፣ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት አለመቅረቱን እይ። የሻንሲ ቁጥሩ በመስታወቱ ሥር፣ በበሩና በወረቀቱ ላይ አንድ ይሁን። በፍሬን ዲስኩ ላይ ስስ ዝገት ካየህ አትደንግጥ፣ ጥቂት ስትነዳ ይጠፋል።

በመጨረሻ እዚያው ቆመህ አንዴ በዝግታው፣ አንዴ በፈጣኑ ቻርጅ አስደርግ፤ ከፈረምክ በኋላ "ጣቢያው ነው" ይሉሃል። ኤልኤፍፒ ከሆነ ቤት እንደደረስክ በዝግታው 100 በመቶ ድረስ ሙላው፣ ራሱ እስኪያቆምም አትንቀለው፤ ብዙ ከቆመ በኋላ የሚያሳየው በመቶኛ ሊሳሳት ስለሚችል በዚያ ይታረማል።