«ሪሊዝ ፋይል የለውም»፦ ያረጀውን የኩበርኔቲስ መመሪያ እንዴት እናድሰው?

ጥያቄው የመጣው ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ኮሌጅ የኮምፒውተር ላብራቶሪ ረዳት ከሆነች እህት ነው። እንዲህ ትላለች፦ «ጋሼ፣ ተማሪዎች ኩበርኔቲስ (ኮንቴነር የሚባሉ የታሸጉ ፕሮግራሞችን በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ የሚያስተዳድር ሶፍትዌር) የሚጭኑበት የአማርኛ መመሪያ አለን። ያዘጋጀው ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ ነው። ድሮ በደንብ ይሠራ ነበር። አሁን ሁሉም ኮምፒውተር ሁለተኛው እርምጃ ላይ ‹ሪፖዚተሪው ሪሊዝ ፋይል የለውም› ብሎ ይቆማል። ኮምፒውተሮቹ ኡቡንቱ 22.04 ናቸው። መስመሩ ላይ ‹ዜኒያል› የሚለውን ቃል ወደ ‹ጃሚ› ቀየርኩት፣ አልሠራም። ጓደኛዬ የፊርማ ማረጋገጫውን አጥፊውና ያልፋል አለኝ። ሰኞ ላብ አለብኝ። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ከጓደኛሽ ምክር ልጀምር። አታድርጊው። የወረደው ፓኬጅ መንገድ ላይ እንዳልተነካካ የሚያረጋግጥልሽ ያ ፊርማ ነው። እሱን አጥፍቶ የተማረ ልጅ ነገ ሥራ ቦታው ላይም እንደዚያው ያደርጋል። ደግሞም ምንም አይጠቅምሽም። ማረጋገጫውን ብታጠፊውም እዚያ የሚወርድ ፓኬጅ የለም። ሪሊዝ ፋይል ማለት የማከማቻው (የሪፖዚተሪው) ዝርዝር ነው፤ የተዘጋው አድራሻው ራሱ ነው።

«ዜኒያል»ን መቀየርሽ ግን ይገባኛል። ዜኒያል የኡቡንቱ 16.04 ቅጽል ስም ነው፣ ጃሚ ደግሞ የ22.04። ስህተቱን ያየ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው እሱን ነው። ነገር ግን የድሮው ማከማቻ አዳዲሶቹንም ኡቡንቱዎች የሚያገለግለው በዚያው በዜኒያል ስም ነበር። አዲሱ ማከማቻ ደግሞ የኡቡንቱን ስም ጭራሽ አይጠይቅም።

የሆነው እንዲህ ነው። የኩበርኔቲስ ዋና ፕሮግራሞች የሆኑት ኩብአድም፣ ኩብሌትና ኩብሲቲኤል ለዓመታት የሚወርዱት ጎግል ከሚያስተናግደው ማከማቻ ነበር። እ.ኤ.አ. ኦገስት 2023 የኩበርኔቲስ ማኅበረሰብ የራሱን ማከማቻ ከፈተ። ሴፕቴምበር 13 ቀን 2023 የድሮው ባለበት እንዲቆም ተደረገ፤ ከዚያ ወዲህ አዲስ ፓኬጅ አልገባበትም። በ2024 መጀመሪያ ወራት ደግሞ ጭራሹን ተነሣ።

ያን ጊዜ እኛ የት እንደነበርን አስቢ። ከኦገስት 2023 ጀምሮ ክልላችን ውስጥ የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ ነበር። ማስታወቂያው ሲወጣ ብዙዎቻችን ኢሜይል ለማየት እንኳ ዋይፋይ ያለበት ቤት እንፈልግ ነበር። ስለዚህ መመሪያውን ያዘጋጀውን ልጅ አልወቅሰውም። በቴሌግራም የሚዞሩ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ተባዝተው ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፉ ብዙ መመሪያዎች ዛሬም የድሮውን አድራሻ እንደያዙ ናቸው።

አሁን ወደ አዲሱ አድራሻ። እንደሚነበበው ልጻፍልሽ፤ አንቺ በላቲን ፊደል ትጽፊዋለሽ። ፒኬጂኤስ ነጥብ ኬ8ኤስ ነጥብ አይኦ፣ ስላሽ። ከዚያ ኮር፣ ኮለን፣ ስላሽ። ስቴብል፣ ኮለን፣ ስላሽ። ከዚያ የቨርዥኑ ቁጥር፣ ለምሳሌ ቪ1.30፣ ስላሽ። መጨረሻ ላይ ዴብ፣ ስላሽ። ቀጥሎ አንድ ክፍት ቦታ፣ ከዚያም ብቻዋን የቆመች ሌላ ስላሽ። ሮኪ ወይም ሬድሃት የሚጠቀም ካለ «ዴብ» የሚለው ቦታ ላይ «አርፒኤም» ይገባል፤ የፋይሉ አጻጻፍም ይለያል።

እዚህ መስመር ላይ ሰው የሚሰናከልባቸው ነገሮች አሉ። መጨረሻ ላይ ያለችው ብቸኛ ስላሽ በስህተት የተጻፈች ስለምትመስል ብዙ ሰው ያጠፋታል። ስትጠፋ አፕት (የኡቡንቱ ፓኬጅ ጫኚ) መስመሩን ማንበብ ያቅተውና የተበላሸ መስመር ነው ይላል። ከኮርና ከስቴብል ቀጥሎ ያሉት ኮለኖችም እንደዚያው ናቸው፤ የአድራሻው አካል ስለሆኑ አትንኪያቸው።

የእኛ የአማርኛ ጸሐፊዎች ልዩ ጣጣም አለ። መመሪያውን በአማርኛ ኪቦርድ እየጻፍሽ ኮለን ስትመቺ፣ የሚወጣው የግዕዙ ሁለት ነጥብ ሊሆን ይችላል። ስክሪን ላይ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፣ ዓይን በቀላሉ አይለያቸውም። ለኮምፒውተሩ ግን ሌላ ፊደል ነው። ተማሪው መስመሩን በትክክል ኮፒ አድርጎ አድራሻው አልተገኘም ይባላል፣ አንቺም ግማሽ ቀን ትደክሚያለሽ። ወርድ ደግሞ ቀጥ ያለውን የጥቅስ ምልክት ወደ ጠማማ ይለውጠዋል፣ ሁለት ተከታታይ ሰረዝንም ወደ አንድ ረጅም ሰረዝ። ስለዚህ የኮማንድ መስመሮችን ሁሉ በተራ የጽሑፍ ማረሚያ፣ በእንግሊዝኛ ኪቦርድ ጻፊያቸው። ሌላ ምንም ጊዜ ባይኖርሽ ይህን አድርጊ።

ዋናው ለውጥ ግን ሌላ ቦታ ነው። አድራሻውን ብቻ ተክተሽ ከተውሽው መመሪያው ከጥቂት ወራት በኋላ እንደገና ይቆማል። የድሮው ማከማቻ አንድ ትልቅ መጋዘን ነበር፣ ሁሉም ቨርዥን እዚያው ይገኛል። አዲሱ ለእያንዳንዱ ቨርዥን የራሱ መጋዘን አለው። 1.29ን በ1.30 አድራሻ አታገኚውም። ማከማቻው የሚጀምረውም ከ1.24 ነው፤ መመሪያሽ ከዚያ በፊት ያለ ቨርዥን ከጠቀሰ እዚያ የለም።

ይህ ጥሩ ጎንም ክፉ ጎንም አለው። ጥሩው፣ ተማሪ ሳያስበው ክላስተሩን (አብረው የሚሠሩትን ኮምፒውተሮች) ወደ ሌላ ቨርዥን አያዘልለውም። ክፉው፣ አፕት አፕዴት ቢያደርግም አዲስ ቨርዥን መኖሩን አይነግረውም። ሁሉም ነገር የታደሰ ይመስለዋል። ኩበርኔቲስ በዓመት ሦስት ጊዜ ያህል አዲስ ቨርዥን ያወጣል፣ እያንዳንዱም የሚደገፈው ወደ 14 ወር ገደማ ነው። በአንድ የትምህርት ዓመት መጀመሪያ ላይ የጻፍሽው ቁጥር በሚቀጥለው ዓመት ላብ ሲከፈት አርጅቶ ሊጠብቅሽ ይችላል።

ስለዚህ ቁጥሩን በመመሪያው መጀመሪያ ላይ አንድ ቦታ ብቻ አስቀምጪው። ተማሪው ተርሚናሉ ላይ ቨርዥኑን እንደ ተለዋዋጭ ይመዝግብ፣ ከዚያ በታች ያሉት መስመሮች ሁሉ ተለዋዋጩን ይጠቀሙ። ቀጥሎ ደግሞ እነዚህን ሁለት ነገሮች ጻፊለት። ከኩበርኔቲስ መመሪያ የሚገኘው የአድራሻ መስመር በነጠላ ጥቅስ የታጠረ ነው። በነጠላ ጥቅስ ውስጥ ተለዋዋጭ አይፈታም፤ ስሙ እንዳለ ፋይሉ ውስጥ ይጻፋል። ወደ ድርብ ጥቅስ ቀይሪው። ሁለተኛው፣ ተርሚናል ዘግቶ እንደገና የከፈተ ተማሪ ተለዋዋጩ ይጠፋበታል፣ አድራሻው ላይ የቁጥሩ ቦታ ባዶ ይሆናል። መብራት ሲሄድና ሲመጣ ይህ የግድ ይደርስብሻል።

የፊርማ ማረጋገጫ ቁልፉ ላይ አጭር ልበል። የድሮው መመሪያ «አፕት ኪ» የሚለውን ኮማንድ ተጠቅሞ ይሆናል። ያ መንገድ ተትቷል። ዛሬ ቁልፉ አፕት ሥር «ኪሪንግስ» በሚባል ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል፣ የማከማቻው መስመርም «ፊርማው በዚህ ቁልፍ ነው» ብሎ ፋይሉን ይጠቅሰዋል። 22.04 ላይ ፎልደሩ አለ፣ ከዚያ በፊት ባሉት ግን መጀመሪያ መፍጠር ያስፈልጋል። ቁልፉ ለሁሉም ቨርዥን አንድ ነው፤ ቨርዥን በቀየርሽ ቁጥር እንደገና አታወርጂው።

አድራሻውን ወደ ፋይል የሚጽፈውን መስመርም ተመልከቺው። ጨምር የሚል ከሆነ፣ የድሮው መስመር ሳይጠፋ አዲሱ ከሥሩ ይገባል። ከዚያ አዲሱ እየሠራ የድሮው ስህተት መምጣቱን ይቀጥላል። ተማሪው «አልሠራም» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። ተካ የሚለውን ተጠቀሚ።

የፓኬጅ ቁጥሮችም ተለውጠዋል። በድሮው ማከማቻ 1.28.2 መጨረሻው ላይ ሰረዝና ሁለት ዜሮ ነበረው። በአዲሱ ሰረዝ 1.1 ነው። መመሪያው ቁጥሩን ሙሉውን ከጻፈ አድራሻው ተስተካክሎም «ይህ ቨርዥን አልተገኘም» ይላል። ቁጥሩን ከጭንቅላትሽ አትጻፊ። አፕት ካሽ «ማዲሰን» የሚባል ኮማንድ አለው፣ ያሉትን ዘርዝሮ ያሳይሻል፣ ከእሱ ኮፒ አድርጊ።

ፓኬጁ ብቻም አይደለም። የኮንቴነር ምስሎቹም (ኮንቴነር የሚነሣባቸው ዝግጁ ጥቅሎች) ቤት ቀይረዋል። ድሮ ኬ8ኤስ ነጥብ ጂሲአር ነጥብ አይኦ ነበሩ፤ ያ ከኤፕሪል 3 ቀን 2023 ጀምሮ አዲስ ምስል አይገባበትም። አሁን ሬጂስትሪ ነጥብ ኬ8ኤስ ነጥብ አይኦ ናቸው። ሰው የሚረሳት ቦታ ኮንቴነሮቹን የሚያስኬደው የኮንቴነርዲ ማስተካከያ ፋይል ነች። እዚያ ውስጥ «ፖዝ» የተባለው ትንሽ ምስል አድራሻ ተጽፎ ይገኛል። የኔትወርክ ፋይሉንም እይው። የክላስተሩን ኔትወርክ የሚዘረጋው ፍላነል ከኮርኦኤስ ስም ወጥቶ ፍላነል-አይኦ በሚል የራሱ ቤት ገብቷል። «ማስተር» የሚል ሊንክ አትስጪ፣ የቨርዥን ቁጥር ያለበትን ስጪ። ማስተር የሚለው ዛሬ አንድ ነገር፣ ከወር በኋላ ሌላ ነገር ነው።

ይህን ሁሉ በዓይን አትፈልጊ። ግሬፕ የሚባለውን ጽሑፍ ፈላጊ ኮማንድ አሠሪው። መመሪያውና ስክሪፕቶቹ ባሉበት ፎልደር ላይ እነዚህን ፈልጊ፦ የድሮውን የአፕት አድራሻ፣ የጎግል ክላውድ ፓኬጅ አድራሻ፣ የጂሲአር አድራሻ፣ አፕት ኪ፣ ዜኒያል፣ ሰረዝ ዜሮ ዜሮ። ግሬፕ የማያየው የስክሪን ፎቶዎችን ነው። ኮማንድ በፎቶ የተቀመጠበት ገጽ ካለ ፎቶውን አንሺውና በጽሑፍ ተኪው። ለተማሪውም ኮፒ ለማድረግ ይመቸዋል።

የኮሌጁ ኔትወርክ በስም የሚፈቅድና የሚከለክል ከሆነ ከኔትወርክ ኃላፊው ጋር ተነጋገሪ። አዲሱ አድራሻ ጥያቄውን ተቀብሎ ወደ ሌላ ማከፋፈያ ሰርቨር ያስተላልፋል። የመጀመሪያው ተፈቅዶ ሁለተኛው ከተከለከለ፣ አድራሻው የተከፈተ መስሎ ማውረዱ ይቆማል።

ኢንተርኔቱ ቀርፋፋ ከሆነ ደግሞ ሃያ ተማሪ አንድ ምስል ሃያ ጊዜ ያውርድ አትበይ። አንድ ኮምፒውተር ላይ በኩብአድም ምስሎቹን አስቀድመሽ አውርጂ። ወደ ፋይል አውጪያቸው፣ በፍላሽ ወይም በላቡ ኔትወርክ አዳርሻቸው። ስታስገቢያቸው የኮንቴነርዲው ስም ክፍል (ኔምስፔስ) «ኬ8ኤስ ነጥብ አይኦ» መሆን አለበት። ይህን ካልገለጽሽ ምስሎቹ ይገባሉ፣ ኩብሌት ግን አያያቸውም። ማውረዱ ላይ መብራት ከሄደ፣ ሲመለስ መጀመሪያ ዲፒኬጂ (ከአፕት ሥር ፓኬጁን የሚጭነው ፕሮግራም) ያቋረጠውን እንዲጨርስ እዘዢው፣ ከዚያ ቀጥዪ።

አንድ ጊዜ እኔ የደረሰብኝን ልንገርሽ። የሥልጠና መመሪያ አድሼ ላፕቶፔ ላይ ሞከርኩት፣ ያለ ምንም ችግር አለፈ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሠልጣኞች ሲሞክሩት ሁሉም በአንድ መስመር ላይ ቆሙ። ቁልፉን የማውረዱን እርምጃ ጭራሽ አልጻፍኩትም ነበር። የእኔ ላፕቶፕ ላይ ቁልፉ ከወራት በፊት ገብቶ ስለነበር አልታወቀኝም። ግማሽ ቀን ባከነ። ከሩቅ መንገድ የመጡ ሰዎች ስለነበሩ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከዚያ ወዲህ መመሪያ የምሞክረው ምንም ባልተጫነበት ማሽን ላይ ብቻ ነው።

ለሰኞው ደግሞ፣ ላቡ ውስጥ 1.28 ይዘው የቆሙ ክላስተሮች ካሉ፣ በቀጥታ ወደ አዲሱ አታዝልያቸው። ኩብአድም ቨርዥን መዝለል አይፈቅድም። አድራሻውን ወደ 1.29 ቀይሪ፣ ኮንትሮል ፕሌኑን (ክላስተሩን የሚመራውን ክፍል) አሻሽዪ፣ ኖዶቹን (ሥራውን የሚሠሩትን ኮምፒውተሮች) አስከትዪ፣ ከዚያ ወደ 1.30፣ እንዲህ እያልሽ ትቀጥያለሽ። ውስጣቸው የሚፈለግ ሥራ ከሌለ ግን ጊዜሽን አታባክኚ። በኩብአድም ሪሴት አጥፊያቸውና በአዲሱ መመሪያ እንደገና ጫኚ። ቁጥሩንም አሁን በድጋፍ ላይ ካሉት መካከል ምረጪ፤ 1.28 ድጋፉ በ2024 አብቅቷል።

መመሪያው ላይ የታደሰበትን ቀንና የተሞከረበትን ቨርዥን ከላይ ጻፊበት፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ከመሄዱ በፊት። እሑድ ደግሞ ኩበርኔቲስ አይቶ የማያውቅ አንድ ተማሪ ጥሪና ባዶ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጪው። አጠገቡ ተቀምጠሽ ዝም በይ። ጣቱ የቆመበትን እያንዳንዱን መስመር ምልክት አድርጊበት።