መልስ፦ የማይዛመዱ የፖላንድ መኳንንት ለምን አንድ አርማ ይይዛሉ?

የአያትዎን የቤተሰብ ስም በሦስት የተለያዩ የመኳንንት አርማዎች ሥር ተዘርዝሮ አግኝተው ስህተት ይሆን ወይ ብለው ጠይቀዋል፤ ስህተት አይደለም። በምዕራብ አውሮፓ አርማ የአንድ ቤት (የአንድ መኳንንት ቤተሰብ) ነው፤ ታናናሽ ልጆችም መለያ ምልክት ይጨምሩበታል። በፖላንድ ግን አርማው፣ «ሄርብ» የሚባለው፣ የራሱ ስም አለው፣ የተለያየ የቤተሰብ ስም ያላቸው ብዙ ቤቶችም ሳይለውጡ ይጋሩታል። ለምሳሌ «ሌሊቫ» በሰማያዊ መደብ ላይ ወርቃማ ጨረቃና ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ ነው፤ ታርኖቭስኪዎች ይዘውታል፣ ሌሎችም እንዲሁ። ስለዚህ የአንድ መኳንንት ሙሉ አጠራር የሰውየውን ስምና የሄርቡን ስም አብሮ ይይዛል፤ ለምሳሌ «ያን ዛሞይስኪ፣ ሄርቡ የሊታ»።

አርማ መጋራት የሥጋ ዝምድናን አያረጋግጥም። በ1413 ፖላንድና ሊትዌኒያ ባደረጉት የሆሮድዎ ስምምነት 47 የሊትዌኒያ ባላባት ቤቶች በፖላንድ አርማዎች ሥር በጉዲፈቻ መልክ ገቡ። የሊትዌኒያው የራጅቪው ቤት ሦስቱን ጥቁር መለከቶች፣ «ትሮምቢ»ን፣ የወረሰው በዚህ መንገድ ነው።

ፍለጋውን ከስሙ አይጀምሩ፤ «ስኪ» የሚል መድረሻ የገበሬም የከተሜም ስም ላይ አለ። መጀመሪያ ቤተሰቡ የኖረበትን ደብር ይለዩ፣ ከዚያ የጥምቀትና የጋብቻ መዝገቡን ወደ ኋላ ትውልድ በትውልድ ይከተሉ። በላቲን መዝገብ ከስሙ ፊት «ጄኔሮሱስ» ወይም «ኖቢሊስ» ካለ መኳንንት ናቸው፤ «ላቦሪዮሱስ» ካለ ገበሬ። መንደሩ ሲታወቅ የአካባቢው ፍርድ ቤት የመሬት መዛግብት የትኛው አርማ እንደሆነ ሊነግሩ ይችላሉ። በስም ብቻ የቤተሰብ አርማ አትመው የሚሸጡት ድረ ገጾች ይህን ሁሉ ይዘሉታል፤ ገንዘብዎን ባያባክኑ ይሻላል።