የጊታር ፒክአፕ በኦም ቁጥር አይመረጥም

በአዲስ አበባ በሠርግና በምሽት ክበብ ከባንድ ጋር የሚጫወቱ አንድ ጊታሪስት የሚከተለውን ጠይቀዋል። ጊታራቸው ስትራቶካስተር የተባለውን የኤሌክትሪክ ጊታር ቅርጽ የያዘ፣ እስያ ውስጥ የተሠራና ሦስት ሲንግል ኮይል (ባለ አንድ የሽቦ ጥቅል) ፒክአፕ የተገጠመለት ነው፤ ፒክአፕ የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ማግኔትና የሽቦ ጥቅል ነው። የብሪጁ (ክሮቹ በጊታሩ ሆድ ላይ ከሚያርፉበት ድልድይ አጠገብ ያለው) ፒክአፕ ድምፅ ቀጭንና ጆሮ የሚበሳ ሆኖባቸዋል፤ ሦስተኛው ክር ከሌሎቹ በላይ ይጮኻል፤ የመድረኩ መብራት ሲበራ ደግሞ ከአምፕሊፋየሩ የሚወጣው ጉርምርምታ ዘፋኙን ሳይቀር ያስቸግራል። ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ስላላቸው ምትክ ፒክአፕ ሊያስመጡ አስበዋል፤ ዓይናቸው ያረፈውም «13 ኪሎ ኦም፣ ከፍተኛ ጉልበት» ተብሎ በተዋወቀ የብሪጅ ፒክአፕ ላይ ነው።

ውድ ጠያቂ፣ ያንን ፒክአፕ እንዲገዙ አልመክርዎትም። የዘረዘሯቸው ሦስት ችግሮች መነሻቸው የተለያየ ስለሆነ አንድ ጉልበተኛ ፒክአፕ ሁሉንም ሊፈታልዎት አይችልም፤ እንዲያውም የመጀመሪያው ችግር ያለ ምንም ግዢ ሊቃለል ይችል ይሆናል።

ስዊቹን ወደ ብሪጁ ፒክአፕ ያድርጉና ሁለቱንም የቶን መቆጣጠሪያዎች (የድምፁን ስለት የሚቀንሱትን) እስከ መጨረሻው ዝቅ ያድርጓቸው። ድምፁ ምንም ካልተለወጠ ጊታርዎ የተሠራው በጥንቱ የሽቦ አዘረጋግ ነው ማለት ነው። ስትራቶካስተር እ.ኤ.አ. በ1954 ለገበያ ሲቀርብ ሁለቱ ቶኖች ለአንገቱና ለመሃሉ ፒክአፕ ብቻ የተመደቡ ነበሩ፤ የብሪጁ ፒክአፕ ምንም የሚያለዝበው ነገር ሳይኖር በቀጥታ ይወጣል፤ ይህ አሠራርም በብዙ ጊታሮች ላይ እስከ ዛሬ አለ። መፍትሔው ከጣት ጥፍር የማትበልጥ አጭር ሽቦ ናት፤ ስዊቹ ላይ የመሃሉ ፒክአፕ ቶን ከተያያዘበት እግር ተነሥታ ለብሪጁ ወደተተወው ባዶ እግር ትበየዳለች። ከዚያ በኋላ ሁለተኛው ቶን ለሁለቱም ያገለግላል። ቶኑን ወደ 7 አካባቢ አድርገው አንድ ምሽት ይጫወቱበት። ይህን ሳይሞክሩ ለብሪጅ ፒክአፕ ገንዘብ ማውጣት ተገቢ አይመስለኝም።

ክዳኑ ተከፍቶ ሳለ የፒክአፖቹን ሆድ በደንብ ይመልከቱ። ከሥር ጠፍጣፋ ጥቁር ማግኔት የተለጠፈ ከሆነ ፒክአፑ የሴራሚክ ነው፤ ከላይ የሚታዩት ስድስቱ ዘንጎችም ተራ ብረት ናቸው። ከሥር ምንም ነገር ሳይለጠፍ የስድስቱ ዘንጎች ጫፍ ብቻ የሚታይ ከሆነ ግን ዘንጎቹ ራሳቸው ማግኔት ናቸው፤ ብዙውን ጊዜም ከአሉሚኒየም፣ ከኒኬልና ከኮባልት ቅይጥ የሚሠራው አልኒኮ ናቸው። የእርስዎ ፒክአፖች የሴራሚክ ከሆኑ ከአልኒኮ ዓይነቶች አንዱ ወደሆነው አልኒኮ 5 መሸጋገሩ በግልጽ የሚሰማ ለውጥ ያመጣል። አሁን ያሉትም አልኒኮ ከሆኑ ለውጡ ከሚጠብቁት ያነሰ ሊሆን እንደሚችል አስቀድመው ይወቁ።

አሁን ወደ ኦሙ ቁጥር እንምጣ፤ ብዙ ጊታሪስቶች ገንዘባቸውን የሚያባክኑት እዚህ ላይ ነውና። ኪሎ ኦም የሚለካው በፒክአፑ ላይ የተጠቀለለውን የመዳብ ሽቦ ተቃውሞ እንጂ የድምፁን ጉልበት አይደለም። በ1950ዎቹ ዘዴ የሚሠራ ፒክአፕ 0.063 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ሽቦ ስምንት ሺህ ጊዜ አካባቢ ተጠቅልሎበት ወደ 6 ኪሎ ኦም ይለካል። ያንኑ ያህል ዙር ከዚህ በቀጠነ ሽቦ ቢጠቀለል፣ ጉልበቱ ሳይጨምር የኦሙ ቁጥር ብቻ ከፍ ይላል። የመዳብ ተቃውሞ ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር በመቶኛ 0.4 ያህል ስለሚጨምር፣ ጠዋት በብርድ 6.0 የተለካው ፒክአፕ አሥር ዲግሪ በሚበልጥ የቀትር ሙቀት 6.24 ሊለካ ይችላል። እንዲህ በአየሩ ጠባይ ለሚዋዥቅ ቁጥር ውድ ገንዘብ መክፈል አይገባም።

እርግጥ ነው፣ 13 ኪሎ ኦም የሚደርሱት ፒክአፖች አብዛኞቹ የዙራቸው ብዛትም ከፍ ያለ ስለሆነ ጮክ ብለው ይሰማሉ። ነገር ግን ዙሩ በጨመረ መጠን የጥቅሉ ኢንደክታንስ (የኤሌክትሪክ ፍሰት ለውጥን የሚቋቋምበት ባሕርይ) አብሮ ያድጋል፤ ኢንደክታንሱ ከኬብሉ ካፓሲታንስ (ኤሌክትሪክ የማጠራቀም ባሕርይ) ጋር ተደምሮ ፒክአፑ ጎላ አድርጎ የሚያሳልፈውን የድምፅ ጫፍ ወደ ታች ያወርደዋል፤ ቀጫጭኖቹና ጥርት ያሉት ድምፆችም ይጠፋሉ። ሻጩን ሊጠይቁት የሚገባው ቁጥር ይህ በሄንሪ የሚለካው ኢንደክታንስ ነው፤ በጥንቱ ዘዴ በተሠሩት ላይ ከ2 እስከ 2.5 ሄንሪ አካባቢ ይሆናል። ጉልበተኞቹ ፒክአፖች የሚጠቅሙት አምፕሊፋየሩን በዲስቶርሽን (ድምፁን ሆን ብለው በማሻከር) ለሚገፉ የሮክ ተጫዋቾች ነው። ትዝታን ወይም አምባሰልን በክሊን (ባልሻከረ) ድምፅ ለሚጫወት ሰው ግን የዜማው ውበት ያለው ክሩን ሳብ አድርጎ በመልቀቅ፣ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው በመንሸራተትና በትንንሾቹ ማስጌጫዎች ላይ ነው፤ የታፈነ ፒክአፕ መጀመሪያ የሚውጠውም እነዚህኑ ነው። ከዚህም ሌላ የብሪጁ ፒክአፕ ከሌሎቹ ሁለቱ እጅግ ከበለጠ፣ ስዊቹን ወደ አንገቱ ባዞሩ ቁጥር ድምፅዎ ከባንዱ መካከል ይጠፋል።

ስለ ኬብል ካነሣን ዘንድ፣ የተለመደ የጊታር ኬብል በአንድ ሜትር ወደ 100 ፒኮ ፋራድ ካፓሲታንስ አለው። የ3 ሜትሩን ትተው የ6 ሜትሩን ሲሰኩ ድምፁ ለዘብ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ አሮጌውንና አዲሱን ፒክአፕ ሲያወዳድሩ ኬብሉን አይቀያይሩ።

የሦስተኛው ክር ጩኸት የታሪክ ውርስ ነው። በ1950ዎቹ ሦስተኛው ክር ሽቦ የተጠመጠመበት በመሆኑ ድምፁ ደከም ይል ነበርና ከሥሩ ያለው ማግኔት ከፍ ተደርጎ ተሠራ። ዛሬ አብዛኛው ተጫዋች የሚያስረው ያልተጠመጠመ ወፍራም ብረት ስለሆነ፣ ከፍ ያለው ማግኔት ያለ ልክ ያስጮኸዋል። ማግኔቱን በመዶሻ ወይም በመፍቻ ወደ ታች ለመግፋት ፈጽሞ አይሞክሩ፤ በብዙ ፒክአፖች ሽቦው በቀጥታ በማግኔቶቹ ላይ የተጠቀለለ ስለሆነ በአንድ ግፊት ይበጠስና ፒክአፑ ይሞታል። ምትክ ሲገዙ ስድስቱም ማግኔቶች እኩል ቁመት ያላቸውን ይምረጡ። ለምሳሌ ከሲሞር ደንከን ምርቶች ኤስ ኤስ ኤል-1 ከፍና ዝቅ ያለው ሲሆን ኤስ ኤስ ኤል-2 እኩል የሆነው ነው።

ጉርምርምታውን በተመለከተ መጀመሪያ ምንጩን ይለዩ። ጊታሩን እንደያዙ ቀስ ብለው ሲዞሩ ጉርምርምታው ከፍና ዝቅ የሚል ከሆነ ፒክአፑ የ50 ኸርዝ መብራታችንን ማግኔታዊ መስክ እየለቀመ ነው፤ የመዳብ ፎይል ይህን አያስቀርም። ክሩን ሲነኩ የሚቀንስ ከሆነ ግን የሽፋን ጉድለት ነው፤ የጊታሩን ውስጥ በመዳብ ፎይል ሸፍኖ ከግራውንድ ጋር ማገናኘት ይረዳል። ክሩን ይዘው ማይክሮፎን ሲነኩ የሚነዝርዎት ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ለሕይወት የሚያሰጋ የኧርዝ ችግር ስለሆነ፣ መጫወቱን አቁመው የቤቱን ኤሌክትሪሽያን ያስጠሩ።

ለማግኔታዊው ጉርምርምታ ሁለት ምርጫ አለ። የመሃሉ ፒክአፕ ጥቅልም ማግኔትም የተገለበጠበትን ስብስብ ከገዙ፣ ስዊቹ ሁለት ፒክአፕ በሚያጣምርባቸው ሁለት ቦታዎች ጉርምርምታው ይጠፋል፤ አንዱን ፒክአፕ ለብቻው ሲጫወቱ ግን ይመለሳል። ሁልጊዜ ጸጥታ ከፈለጉ በአንድ ሽፋን ውስጥ ሁለት ጥቅል የያዙትን፣ እንደ ዲማርዚዮ ኤሪያ ያሉትን ማየት ይኖርብዎታል። እነዚህ ከእውነተኛው ሲንግል ኮይል ጥራት ጥቂት ይቀንሳሉ ባይ ነኝ፤ ሆኖም የመብራት ማደብዘዣ በበዛበት መድረክ ዘወትር ለሚሠራ ሰው ልዋጩ የሚያስቆጭ አይደለም።

እንግዲህ እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን የምገዛው ከአንድ አምራች የተሠራ ሙሉ ስብስብ ነው፦ አልኒኮ 5፣ እኩል ማግኔቶች፣ አንገቱና መሃሉ ወደ 6 ኪሎ ኦም፣ ብሪጁ ከ7 ብዙም ያልራቀ፣ መሃሉ የተገለበጠ። የተለያዩ አምራቾችን ፒክአፖች መቀላቀል ፌዝ (የሞገዶቻቸውን አቅጣጫ) ሊያጣላ ይችላል፤ እንዲህ ሲሆን ሁለቱ ሲጣመሩ ድምፁ ይከሳል። ትእዛዝ ከመላክዎ በፊትም ከመጀመሪያው ማግኔት መሃል እስከ ስድስተኛው መሃል ያለውን ርቀት በሦስቱም ላይ ይለኩ። በብዙዎቹ 52 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በአንዳንድ የእስያ ጊታሮች የአንገቱ 50 ነው። የቮልዩምና የቶን ፖቶቹ (የሚዞሩት መቆጣጠሪያዎች) 250 ኪሎ ኦም መሆናቸውንም ያረጋግጡ፤ የቮልዩሙ 500 ከሆነ ለጆሮ መበሳቱ አንዱ ምክንያት ራሱ ሊሆን ይችላል።

ከገጠሙ በኋላ የመጀመሪያውንና ስድስተኛውን ክር በመጨረሻው ፍሬት (በአንገቱ ላይ በአግድም ከተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች የመጨረሻው) ላይ ተጭነው ከማግኔቱ እስከ ክሩ ያለውን ክፍተት ይለኩ፤ በወፍራሙ ክር በኩል 2.4፣ በቀጭኑ በኩል 2 ሚሊ ሜትር ጥሩ መነሻ ነው። ስድስተኛውን ክር ከ12ኛው ፍሬት በላይ ሲጫወቱ ድምፁ የሚንቀጠቀጥና ከቃና የሚወጣ ከሆነ ማግኔቱ ክሩን እየሳበው ስለሆነ፣ የአንገቱን ፒክአፕ ብሎን በግማሽ ዙር፣ በግማሽ ዙር እያዞሩ ዝቅ ያድርጉት።