ከሲኖ ገልባጭ ወደ ሲዲኤል፦ በአሌክሳንድሪያ ለሚኖሩ ጠያቂ የተሰጠ የሙያ ምክር

ውድ ጠያቂያችን፣

በደብዳቤዎ እንደገለጹልን ኢትዮጵያ ሳሉ በመንገድ ሥራ ፕሮጀክት ላይ ለአራት ዓመታት ሲኖትራክ ገልባጭ ነድተዋል፤ በዲቪ አሜሪካ ከገቡ ሁለት ዓመት ሆኖዎታል፤ አሁን በአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ከባለቤትዎና ከሁለት ትናንሽ ልጆችዎ ጋር እየኖሩ በራስዎ መኪና ኡበር ይሠራሉ። የጠየቁን ሦስት ነገር ነው፤ የአገር ቤቱ ልምድ እዚህ ይቆጠር እንደሆነ፣ ጓደኞችዎ እንደሚመክሩዎት ሲዲኤል ማለትም የከባድ መኪና የሥራ መንጃ ፈቃድ አውጥተው ወዲያው የጭነት መኪና በሊዝ ቢወስዱ ይሻል እንደሆነ፣ ወይስ ኤክስካቫተር ተምረው ኦፕሬተር ቢሆኑ።

ከሁለተኛው እንድጀምር ይፍቀዱልኝ፤ ከሦስቱ ውስጥ ቢሳሳቱበት ብዙ የሚያስከፍልዎት እሱ ነውና። ሊዝ ፐርቼዝ የሚባለው ውል ኩባንያው የራሱን መኪና ለሹፌሩ ሰጥቶ የመኪናውን ክፍያ፣ ኢንሹራንሱን፣ የጥገና ተቀማጩንና ነዳጁን በየሳምንቱ ከገቢው የሚቆርጥበት፣ ጭነቱንም ብዙውን ጊዜ ያው ኩባንያ የሚመድብበት አሠራር ነው። ጭነት በጠፋበት ሳምንት ገቢው ይወርዳል፤ ተቀናሹ ግን ባለበት ይቀጥላል፤ ሹፌሩ መሐል ላይ ውሉን ቢተው ደግሞ እስከዚያ የከፈለው ሁሉ ቀልጦ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የመሠረተ ልማት ሕግ ይህን አሠራር የሚመረምር ግብረ ኃይል እንዲቋቋም አዝዞ ነበር፤ ግብረ ኃይሉም በጃንዋሪ 2025 ባቀረበው ሪፖርት ኮንግሬስ እንዲህ ያሉ ውሎችን እንዲከለክል ሐሳብ አቅርቧል። ጓደኞችዎ «በሳምንት ይህን ያህል ገባ» ሲሉ የሚጠሩት በአብዛኛው ተቀናሹ ያልወጣለትን ጠቅላላ ገቢ እንደሆነም ልብ ይበሉ። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ እንዳወጣው በሜይ 2024 የከባድ መኪና ሹፌሮች መካከለኛ ዓመታዊ ደመወዝ 57,440 ዶላር ነበር፤ ይህም ማለት ከተቀጣሪዎቹ ግማሾቹ የሚያገኙት ከዚህ በታች ነው። ደህና ኑሮ ነው፤ ነገር ግን ጓደኞችዎ የሚያወሩት ዓይነት ገንዘብ አይደለም። ስለዚህ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት በራስዎ ስም የጭነት መኪና አይያዙ። ኢንሹራንሶችም አብዛኛውን ጊዜ የሚያምኑት ሁለት ዓመት የነዳን ሰው ነው።

ልምድዎን በተመለከተ፣ የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ወደ ሲዲኤል አይለወጥም፤ ቀጣሪዎችም የሚቆጥሩት እዚሁ አገር የተሠራና ሊጣራ የሚችል ሥራን ነው። በወረቀት ከዜሮ ይጀምራሉ፤ በእጅዎ ግን አይደለም። ፈተናውን በአውቶማቲክ መኪና የወሰደ ሰው ፈቃዱ ላይ ማንዋል መንዳት የሚከለክል ምልክት ይሰፍርበታል፤ እርስዎ ግን ማርሽ መለወጥ የለመዱ በመሆኑ ማንዋል መኪና ያለው ትምህርት ቤት ፈልገው በዚያው ቢፈተኑ ብዙዎች ያጡትን ዕድል ያገኛሉ። በአንጻሩ ሊተዉት የሚገባ ልማድም ይኖራል። ነዳጅ ለመቆጠብ ተብሎ ቁልቁለት ላይ ማርሽ አውጥቶ መልቀቅ እዚህ የተከለከለ ነው፤ ፈተና ላይም ይቆጠርብዎታል። ወደ ኋላ መንዳትም እንደ ገልባጭ አይደለም፤ 53 ጫማ የሚረዝም ተሳቢ ወደ ግራ እንዲሄድ መሪው መጀመሪያ ወደ ቀኝ መዞር አለበት፤ ይህን ለማስለመድ ከጀማሪ ይልቅ የለመደ እጅ ይበልጥ ይቸገራል።

ግሪን ካርድ ስላለዎት የሚያወጡት መደበኛውን ሲዲኤል ነው። በሌላ ዓይነት የሥራ ፈቃድ ላይ ላሉ ወገኖቻችን ግን ደንቡ ከሴፕቴምበር 2025 ወዲህ ብዙ ያከራከረ ስለሆነ፣ እነርሱ ለትምህርት ቤት ገንዘብ ከመክፈላቸው በፊት ዲኤምቪ፣ ማለትም መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት፣ ሄደው መጠየቅ ይኖርባቸዋል።

አካሄዱ እንዲህ ነው። የሲዲኤሉን የሕክምና ምርመራ አልፈው ዲኤምቪ የጽሑፍ ፈተናዎቹን ማለትም አጠቃላዩን፣ የአየር ፍሬኑንና የተሳቢውን ሲያልፉ ፐርሚት የሚባለው የመለማመጃ ፈቃድ ይሰጥዎታል፤ ከዚያ በኋላ ቢያንስ 14 ቀን ካልሞላ የመንዳት ፈተና አይቀርቡም። ከፌብሩዋሪ 7 ቀን 2022 ጀምሮ በፌዴራል መዝገብ በተመዘገበ ማሠልጠኛ መማር ግዴታ ሆኗል። ይሁንና ደንቡ የሰዓት ብዛት አልወሰነም፤ በመሆኑም አንዱ ትምህርት ቤት በደንብ ሲያሠለጥን ሌላው ለፈተና ብቻ አዘጋጅቶ ይሸኛል። ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት እርስዎ ራስዎ መሪ የሚይዙበት ሰዓት ስንት እንደሆነ፣ አንድ መኪና ላይ ስንት ተማሪ እንደሚመደብ፣ ቢወድቁ ለድጋሚ ፈተና መኪና ይሰጥዎት እንደሆነ ይጠይቁ። በአቅራቢያዎ ያለውን አሜሪካን ጆብ ሴንተር የተባለውን የመንግሥት የሥራ ፍለጋ ማዕከል ሳይጠይቁም ከኪስዎ አይክፈሉ፤ መመዘኛውን ካሟሉ የሥልጠናውን ወጪ የሚሸፍን የመንግሥት ገንዘብ ሊኖር ይችላል። ኩባንያዎች በነጻ እናስተምራለን የሚሉት ሥልጠናም ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመት ገደማ የሚያስር ውል አለው፤ ቀድሞ የወጣ የትምህርቱን ዋጋ ይመልሳል።

ከኛ ሰዎች ብዙዎቹን የሚጥላቸው መንዳቱ ሳይሆን ከመንዳት በፊት ያለው የመኪና ፍተሻ ነው፤ እያንዳንዱን ክፍል እየነኩ በእንግሊዝኛ መናገር ይጠይቃልና። በተለይ የአየር ፍሬኑ ፍተሻ በቅደም ተከተል ካልተሠራ ፈተናው እዚያው ያበቃል። ሞተሩን አጥፍተው፣ ቁልፉን አብርተው፣ የማቆሚያ ፍሬኑን ከለቀቁ በኋላ ፔዳሉን ረግጠው አንድ ደቂቃ ይቆያሉ፤ ተሳቢ ባለው መኪና የአየር ግፊቱ በዚያች ደቂቃ ከ4 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) በላይ መውረድ የለበትም። ቀጥለው ፔዳሉን እየደጋገሙ ሲረግጡ ግፊቱ ከ55 በታች ከመውረዱ በፊት የማስጠንቀቂያው መብራትና ድምፅ መምጣት አለበት፤ አሁንም ሲቀጥሉ ከ45 እስከ 20 ባለው መካከል ዳሽቦርዱ ላይ ያሉት የማቆሚያ ፍሬን አዝራሮች ራሳቸው ተስፈንጥረው ይወጣሉ። ይህን ቤትዎ ውስጥ፣ ልጆቹ እየሰሙም ቢሆን፣ ድምፅዎን ከፍ አድርገው በእንግሊዝኛ ይለማመዱት። እንግሊዝኛው ከፈተናውም በኋላ ያስፈልግዎታል፤ ከጁን 25 ቀን 2025 ወዲህ መንገድ ላይ ከተቆጣጣሪ ጋር መነጋገር ወይም ምልክት ማንበብ ያልቻለ ሹፌር እዚያው ከመንዳት ይታገዳል።

የመንዳት መዝገብዎ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ንብረትዎ ነው። በቨርጂኒያ ሕግ ከ85 ማይል በላይ፣ ወይም ከተፈቀደው 20 ማይልና ከዚያ በላይ አልፎ መንዳት ተራ ቅጣት ሳይሆን ግዴለሽ መንዳት የሚባል ወንጀል ነው፤ ኡበር ላይ ተቻኩለው የሚያገኙት አንድ እንዲህ ያለ ክስ ገና ያላመለከቱበትን ሥራ ሊያሳጣዎ ይችላል። ማሪዋና በቨርጂኒያ ቢፈቀድም ለሲዲኤል ሹፌር አልተፈቀደም፤ በምርመራ የተገኘበት ሰው ስሙ ቀጣሪዎች ሁሉ በሚያዩት የፌዴራል ቋት ውስጥ ይገባል። ጫትን በተመለከተም ግልጽ ልሁንልዎ፤ በውስጡ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ሕግ ከሄሮይን ጋር በአንድ ምድብ የተመደበ ስለሆነ፣ ሌሊት ለመንቃት ተብሎ ጋቢና ውስጥ ጥቂት እንኳ ይዞ መገኘት ፈቃድን እስከ ማሳጣት ያደርሳል።

አሁን ወደ ኤክስካቫተሩ ልምጣ። የፌዴራል መንግሥት የኤክስካቫተር መንጃ ፈቃድ የሚባል ነገር አይሰጥም፤ የምስክር ወረቀት በደንብ የሚጠየቀው ለክሬን ነው። ስለዚህ በጥቂት ሳምንት ሰርተፍኬት እንሰጣለን ለሚሉ ውድ ትምህርት ቤቶች ገንዘብዎን አያውጡ። ትክክለኛው በር የኦፕሬተሮች ማኅበር የሚሰጠው አፕሬንቲስሺፕ፣ ማለትም እየሠሩ የሚማሩበት ሥልጠና፣ ነው፤ በዋሽንግተን አካባቢ ይህን የሚያካሂደው ቅርንጫፍ 77 ነው። ሥልጠናው በአብዛኛው ሦስት ወይም አራት ዓመት ይፈጃል፤ ሠልጣኙ ግን እየሠራ ይከፈለዋል፤ ክፍያውም በየደረጃው ያድጋል። ተወዳዳሪው ብዙ ስለሆነ ዘንድሮ ባይገቡ አይገረሙ።

የእኔ አስተያየት ሁለቱን እንዳይነጣጥሏቸው ነው። ለገልባጭ ክላስ ቢ (ከባድ ተሳቢ ለሌለው መኪና የሚሰጠው ሲዲኤል) ቢበቃም እርስዎ ክላስ ኤ (ከባድ ተሳቢ ላለው የሚሰጠውን) ያውጡ፤ ቢን በውስጡ ይይዛልና። ከዚያ ረጅም መንገድ ከመውጣት ይልቅ በሰሜን ቨርጂኒያና በሜሪላንድ ባሉ የግንባታ ድርጅቶች ገልባጭ ወይም የኮንክሪት መኪና ሹፌር ሆነው ይጀምሩ። በየማታው ቤትዎ ይገባሉ፤ ልጆችዎ ትናንሽ ስለሆኑ ይህን ከገንዘቡ አስበልጬ አየዋለሁ። ረጅም መንገድ በአብዛኛው የሚከፈለው በማይል ነው፤ ከ10 ሰዓት እረፍት በኋላ ቢበዛ 11 ሰዓት ይነዳል፤ መጋዘን በር ላይ ተሰልፈው የሚያሳልፉት ጊዜ ብዙ ጊዜ ክፍያ የለውም። የግንባታው ሥራ ግን በአብዛኛው በሰዓት ይከፈላል፤ በብርዱ ወራት ስለሚቀዘቅዝ ብቻ ለዲሴምበርና ለጃንዋሪ የሚሆን ገንዘብ ቀደም ብለው ይያዙ። የትርፍ ሰዓት ክፍያንም ሲቀጠሩ ይጠይቁ፤ የፌዴራሉ ሕግ የክፍለ ሀገር ድንበር ለሚያቋርጡ ከባድ መኪና ሹፌሮች የትርፍ ሰዓት ክፍያን አያስገድድም። ሳይቱ ላይ ሲውሉ ከፎርማኑና ከኦፕሬተሮቹ ጋር ይተዋወቃሉ፤ ማሽኑን በሎቤድ (ዝቅ ባለ ተሳቢ) ጭኖ የሚያመጣም ሲዲኤል ያለው ሰው በመሆኑ፣ ለአፕሬንቲስሺፑ ሲያመለክቱ ፈቃዱ ዋጋ ይኖረዋል።

በዚህ ሳምንት ሁለት ነገር ያድርጉ፤ የመንዳት መዝገብዎን ከዲኤምቪ አውጥተው ይመልከቱ፣ የደም ግፊትዎንም ይለኩ። ግፊቱ ከ140 በ90 በታች ካልሆነ የሁለት ዓመቱ የሕክምና ካርድ ስለማይሰጥዎት፣ ከፍ ያለ ከሆነ ከሐኪምዎ ጋር ተነጋግረው ካስተካከሉት በኋላ ለሲዲኤሉ ምርመራ ይቅረቡ። ማናቸውም ኩባንያ የሥልጠና ወይም የሊዝ ውል ሲሰጥዎት ደግሞ ከመፈረምዎ በፊት ስለ ተቀናሽና ስለ ገንዘብ ተመላሽ የሚናገረውን ገጽ ይላኩልኝ፤ አንብቤ እመልስልዎታለሁ።